ልክ

ባሕሩ ሲረጋ፣ ጥር ሲጋመስ፣
ከሂዩማ ደሴት ማዶ እስኪደረስ
በበረዶው ጀርባ መኪና ይነዳል፤
ግን አንድ ሰው ቀድሞት በእግሩ ይሄዳል፣
መሰርሰሪያ በትከሻ፣ የእንጨት ሜትር በእጅ።
ያ ሰው እኔ ነበርኩ፣ ኤንደል፣ የአሣ አጥማጁ ልጅ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት።

በየመቶ እርምጃው ቆሜ እበሳለሁ፤
ሃያ ሁለት ሳንቲ ካለው "እለፉ" እላለሁ፤
አሥራ ዘጠኝ ከሆነ ቀይ ጨርቅ ተክዬ እመለሳለሁ።
በረዶ ላይ "ይመስለኛል" የለም።
ኡኖ "ዓይኔ ሜትር ነው" ብሎ ነበር፤ እሱ ተረፈ፣
ትራክተሩ ግን ከባሕሩ ወለል አይወጣም ለዘላለም።

አሁን ሰባ አራት ሞላኝ።
ታርቱ ላይ ደረቴን ከፍተው፣
ያረጀውን የልቤን በር አውጥተው፣
የብረት ገጠሙልኝ።
ሌሊት ቤቱ ጭጭ ሲል ይሰማል፦ ጠቅ፣ ጠቅ።
"ሰዓትህን አርቅ!"
ትላለች ሳልሜ በእንቅልፍ ልቧ። ወዴት ላርቅ?

ደም ብረት ሲነካ መርጋት ይወዳል፤
የረጋው ጓል ተነቅሎ ወደ አንጎል ይሄዳል።
ለዚህ ነው በየማታው ያቺ ክኒን፣
ደም የምታቀጥን፣ ዋርፋሪን።

የቤተሰብ ሐኪማችን፣ ዶክተር ቪርቬ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
ጣቴን ወግታ፣ ጠብታዋን ለክታ፣ አለችኝ ቃሏን ነጠላ ነጠላ፦
"ከሁለት ተኩል በታች ይረጋል፤ ከሦስት ተኩል በላይ
ይፈስሳል፣ ኤንደል፣ በአፍንጫህም፣ በማናየው ቦታም፣ ያለ ከልካይ።
ልክህን እወቅ።"
ድሮ ሰው "ልክህን እወቅ" ቢለኝ ቡጢ ነበር መልሴ፤
ያን ቀን ግን ቁጥሩን ጻፍኩት በእርሳሴ።

ኅዳር ላይ የኮምጣጣው ጎመን በርሜል ተከፈተ።
ስድስት ቀን ጠዋት ማታ በላሁት፤ ቁጥሬ ወደ አንድ ነጥብ ዘጠኝ ተጎተተ።
ልትከለክለኝ ነው ስል፣ "ብላ" አለች፣ "ግን ሳምንቱን ሁሉ እኩል፤
ዛሬ በርሜሉን፣ ነገ ባዶ ሳህን አትበል፤
መድኃኒቱን የምመትረው በምትበላው ልክ ነው።"

ጎመኑስ ታረቀን። ጉልበቴ ግን ባሰ፤
ሌይዳ፣ የኡኖ ሚስት፣ ከሟቹ የተረፈ ማስታገሻ ሰጠችኝ፤ ሕመሙ ታገሰ።
አንድ ሳምንት እንደ ጎረምሳ ደረጃ ወጣሁ።
በስምንተኛው ቀን ትራሴን ቀልቶ አገኘሁ።
ድዴ ነው። ጭኔም ላይ፣ ማንም ሳይመታኝ፣
ሊቀልጥ የደረሰ የሚያዝያ በረዶ የሚመስል ጥቁረት።
ቪርቬ ለካች። ስድስት ነጥብ ሁለት።
"ምን ወሰድህ?"
"ምንም።"
ሳልሜ ቦርሳዋን ከፍታ የሟቹን ክኒን ከነእሽጉ
ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ቀና አላልኩም።

ቁጣ ጠበቅኩ። እሷ ግን፣ "ማስታገሻውን ጣለው፤
የዛሬ ማታን ዋርፋሪን ዝለለው፤
ነገ በጠዋት ና፣ እንለካው።
ራስህን ካዞረህ፣ ሰገራህ ከጠቆረ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ደውል።"
ከዚያ ብዕሯን ከድና፦
"የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ በአባቴ የወተት መኪና።
ማዶ ሰርከስ መጥቶ ነበር። መለስከን፣ ቀይ ጨርቅህን ተከልክና።
እያለቀስኩ ረገምኩህ" አለች። ሳቀች።
እኔ አልሳቅኩም፤ ስንቱን ልጅ እንደመለስኩ አስብ ነበር።

ባሕሩ መርጋት ከተወ እነሆ ስንት ዓመቱ፤
መሰርሰሪያዬ ጎተራ ውስጥ ተሰቅሏል፣ ዝጓል ስለቱ።
የበረዶ መዝገቤን ግን አልጣልኩትም፤
ገጽ ተርፎታል። የዘነጋኋትን ማታ እጽፍበታለሁ፣
በማግስቱ ሁለት ልውጥ ስል ሳልሜ እጄን እንደመታችም።
"አሥራ ዘጠኝ፣ ተመለስ። ሃያ ሁለት፣ እለፍ" ከሚለው ሥር፣
ማክሰኞ ማክሰኞ፣ በዚያው እርሳስ፣ በዚያው መስመር።

የትናንቱ፦
ሁለት ነጥብ ዘጠኝ። እለፍ።